የመሣሪያ ፈቃድህን ብቻ ይዘህ ጅግራ ፍለጋ እንዳትወጣ

ወንድሜ፣ «የአባቴ ጠመንጃ ፈቃድ አለው፣ በስሜም ተዛውሯል፤ ገጠር አክስቴ መሬት ላይ ጅግራና ቆቅ ለማደን ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ያልከውን ሳነብ የ2011 ዓ.ም. ጥር ትዝ አለኝ። አክስትህን በአጎቴ ተካ እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። «ምንም አያስፈልግም፣ ሂድ» የሚሉህን አትስማ። እኔንም ያስገባኝ እሱ ምክር ነው።

1. የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። ጠመንጃህን የሚመለከተው የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ነው፣ ቁጥር 1177/2012። ወፏ ግን በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እሱን ተከትሎ በወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 ስር ናት። አንዱ ወረቀት የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

2. የአክስትህ ፈቃድ ከምርቃት አይበልጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አክስትህ ያላት የይዞታ መብት ነው። ታርስበታለች፣ ታጭድበታለች። እዚያ ላይ መጥታ እህል የምትለቅም ጅግራ ግን የእሷ ዶሮ አይደለችም። አጎቴ ይሄን እስከ ዛሬ አልተቀበለም። «በገዛ መሬቴ ማን ይከለክልሃል?» ብሎ ነው ያስወጣኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ከቀበሌው «በይዞታው ላይ ወፍ ቢያድን ተቃውሞ የለንም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አጻፍኩ። ቀበሌ የማይሰጠውን ሥልጣን በማኅተም መስጠቱ! ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ማለት ይሄ ነው።

ጅግራ አድነህ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ከመብረር ይልቅ መሮጥ ትወዳለች። መንጋው ከፊትህ እየሮጠ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይወስድሃል፣ አንተም «ትንሽ ልጠጋ፣ ትንሽ ልጠጋ» እያልክ የአጎትህን ወሰን መቼ እንዳለፍክ አይታወቅህም። እኔ ሁለት ጣልኩ። ሁለተኛዋን ጅረት ተሻግሬ። ሳትሞት ደርሼ ባርኬ ለማረድ ጎንበስ ብዬ ቢላዋ ስመዝ ሁለት ስካውቶች፣ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ማለት ነው፣ ከኋላዬ ቆመዋል። ከጅረቱ ወዲያ ያለው ጥብቅ ቦታ ነበር። ምልክት? አንድ የወደቀ ሰሌዳ፣ ያውም ፊቱ ወደ መሬት።

የመሣሪያ ፈቃዴን እንደ ዳዊት ከደረቴ አውጥቼ ዘረጋሁ። ትልቁ ስካውት አገላብጦ አየውና በጨዋ ድምፅ፦ «ይሄ የጠመንጃው ነው ጌታዬ። የወፎቹስ የታለ?» አለኝ። የቀበሌውን ደብዳቤ ሳሳየው ሳቁን ለመዋጥ ዞር አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥርልህ ብዬ ነበር፣ ግን ዋናው እሱ ነው። ጠመንጃው ተያዘ፣ ወፎቹ ኤግዚቢት ሆኑ። በማግስቱ ቃሌን ስሰጥ በጠረጴዛው ስር በፌስታል ሸትተው ነበር፤ «ሁለት ወፍ ተረክበናል» የሚል ወረቀት ላይ አፍንጫዬን ይዤ ፈረምኩ። በዋስ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ እየተመላለስኩ ሰባት ቀጠሮ። ሁለቱ «ዳኛው ስብሰባ ናቸው» ተብለው አለፉ። በመጨረሻ የተቀጣሁት ገንዘብ ለምልልሱ ካፈሰስኩት ነዳጅ ያንሳል። ግን እንዳትዘናጋ፣ እኔ አጥፊነቴን አምኜ፣ ሁለት ጅግራ ብቻ ሆኖ ነው። አዋጁ እስራትንም ያስቀምጣል፣ ድኩላ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እየቀለድኩ አልጽፍልህም ነበር። የአባቴ ጠመንጃ የተመለሰው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ አፈሙዙ ዝጎ፣ ማንገቻው ጠፍቶ። እናቴ ስታየው ያለቀሰችውን አልነግርህም።

3. እሺ፣ የት ይታደናል? ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የለም። የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥም የለም። ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ፣ የመስተዳድር ቀበሌ ሳይሆን ለአደን የተከለሉ ቦታዎች ናቸው፤ ሙኔሳ ኩኬ በአርሲ በኩል፣ ኦዶ ቡሉ በባሌ፣ ሙርሌ በታችኛው ኦሞ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ቦታዎች በኮንትራት የአደን አስጎብኚዎች ናቸው፤ ዶላር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ፈቃድ ካለው ባለሙያ አዳኝ ጋር የሚገባባቸው። ደጋ አጋዘንን እንውሰድ፦ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጣትህን አታነሳበትም፣ ከፓርኩ ውጭ ባለ የአደን ቀበሌ ግን በኮታ፣ ለወንዱ ብቻ ይፈቀዳል። እንስሳው አንድ፣ መስመሩ ሁለት። መስመሩን ማወቅ ደግሞ የአንተ ጣጣ ነው፣ የእኔ ጅረት ምስክር።

ለእንደኔና እንዳንተ ላለ ወፍ አዳኝ መልሱ ከእነዚህ ቦታዎች ውጭ በፈቃዱ ላይ በስም የተጻፈ አካባቢ ነው። ፈቃዱ የወፏን ዓይነት፣ ብዛቷን፣ ቦታውንና ቀኑን ይዘረዝራል። «ጅግራ» ተብሎ ከተጻፈ ቆቅ ስታይ ሰላም ብለህ እለፍ። ሁለቱንም አስጽፍ፣ አሁን ነው የምነግርህ።

4. ቢሮው። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። ጉዳዩን በሕጉ ልጨርስ ብዬ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «አደን ለፈረንጅ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ቀን «ክልል ሂድ»። ክልል «ፌደራል ሂድ»። ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ያው ልጅ «አንተ ሰውዬ ሥራ የለህም?» አለኝ፤ በልጄ ዕድሜ ያለ! ሱቄን ዘግቼ ነው የምመላለሰው።

ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ እሱን ብቻ ብትይዝ ይበቃሃል። ደንብ 163/2000ን ከነጋሪት ጋዜጣ አሳትሜ፣ ፈቃድና ክፍያ የሚሉትን ቦታዎች በቢጫ ቀለም አስምሬ ይዤ ገባሁ። መስኮቱን ተውኩት፣ ኃላፊውን ጠየቅኩ። ሽበታም ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን አይተው «ይሄን ያነበበ ባለጉዳይ ካየሁ ቆየሁ» አሉና ወንበር ሰጡኝ። ማመልከቻ፣ የመታወቂያና የመሣሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የምሄድበት ወረዳና ቀን፤ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ያዝኩ፣ በሳምንቱ ፈቃዱ እጄ ገባ። ሁለት ዓመት ያባከንኩት ለዚህ ነበር። ያ ልጅ ፎቶ ኮፒውን ሲያነሳልኝ ፊቱን ያየሁት ቀን ከጅግራዋ ይልቅ ይጣፍጠኛል፣ ልዋሽህ አልችልም።

5. ደላላ ይመጣብሃል። «በሦስት ቀን አወጣልሃለሁ» የሚል። ደረሰኝ የሌለው ፈቃድ ቢያሳይህ አትንካው።

6. ኢላማ መለማመድ። ሜዳ ላይ ቆርቆሮ አስቀምጦ መተኮስ የልጅነት ነገር ነው፤ ዛሬ ተኩስ በተሰማበት ሁሉ ሚሊሻው፣ ፖሊሱ፣ ጎረቤቱ ይሮጣል። የጸጥታው ሁኔታ ባልተረጋጋበት አካባቢ ፈቃድህ ሙሉ ቢሆንም አትሂድ፤ ጭለማ ውስጥ የሚተኩስ ሰው ወረቀትህን አይጠይቅም። በሌሊት በባትሪ፣ ከመኪና ላይ ሆኖ መተኮስንማ እንዳታስበው።

አክስትህ «ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰው፣ እሱንም በዚያው» ማለቷ አይቀርም፤ አጎቴም ብሎኛል። ከርከሮ በወፍ ፈቃድ አይተኮስም። ማመልከቻዋን ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ትስጥ፣ አንተ ጅግራህ ላይ ሁን።

ፈቃዱ ሲወጣልህ ሦስት ቅጂ አድርግ። አንዱን ከመውጣትህ በፊት ለወረዳው ፖሊስ ስጥ፣ ተቀብለናል ብለው ይፈርሙልህ። አንዱን ለስካውቶቹ አሳይ፤ ወሰኑን በእግር እየሄዱ እንዲያሳዩህ ለምናቸው፣ እምቢ አይሉም። ለእኔ ጅረቱን ያሳየኝ ያው ትልቁ ስካውት ነው። ዋናውን ግን ከኪስህ አታውጣ፤ የመሣሪያው ፈቃድ በግራ፣ የወፎቹ በቀኝ። ወረዳው የት እንደሆነ ጻፍልኝ፣ የማውቀው አካባቢ ከሆነ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለብህ እነግርሃለሁ።