የአሮጌ መኪናን ላሜራ በቤት ውስጥ ስለመቁረጥ፣ ስለመበየድና ስለማስተካከል፦ ጥያቄና መልስ

የአሮጌ መኪናቸውን መልክ በገዛ እጃቸው ለመለወጥ ከሚፈልጉ ሰዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ተምሬ ሳይሆን የራሴን መኪና በር አበላሽቼ ስለሆነ፣ በመልሶቼ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ቢበዛ አትታዘቡኝ።

ጥያቄ፦ ብየዳ ነክቼ አላውቅም። መኪናው ግን ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመኪናው አይጀምሩ። የተጣለ በር ወይም ኮፈን ይፈልጉና መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይቁረጡበት፤ ከዚያም ልክ የሆነ ቁራጭ አዘጋጅተው መልሰው ይሙሉት። የብየዳውን መሥመር ሞርደው ካስተካከሉ በኋላ በጣትዎ ሲዳስሱት መጋጠሚያው የት እንደነበር እስኪጠፋዎት ድረስ ሥራውን ይደጋግሙት። የድሮ መኪኖች ላሜራ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ የኖረ ሰው እንኳ መጀመሪያ ላይ ይበሳዋል።

ወደ መኪናው ሲመጡ ደግሞ ተፈትቶ የሚወጣ አካል ይምረጡ። ለምሳሌ የፎልስዋገን ቢትል አራቱም ፓራፋንጎዎች (ጎማውን ከላይ የሚሸፍኑት ላሜራዎች) በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽብዎት ፈትተው ሌላ ይገጥማሉ፣ መኪናው ግን አልተነካም። የጣሪያ ወይም የወለል ስህተት እንዲህ አይፈታም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በኤሌክትሮድ የሚሠራ የብየዳ ማሽን አለኝ። ለመኪና አካል ይበቃኛል?

መልስ፦ ለሻንሲ (መኪናውን ከሥር ለሚሸከመው የብረት አጽም) እና ለወፍራም ብረት ጥሩ ነው፤ ለላሜራ ግን አይሆንም። እጅግ የሰለጠነ እጅ ይሞክረው ይሆናል፣ ጀማሪ ግን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ቀዳዳ ሲከፍት ይውላል። እኔ የምመክረው ሚግ የሚባለውን፣ ሽቦው ከማሽኑ በራሱ እየወጣ በጋዝ ተከልሎ የሚበየድበትን ነው፤ ሽቦው 0.6 ሚሊሜትር፣ ጋዙም 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ቢሆን ይመረጣል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻም ይሠራል፤ ነገር ግን ፍንጣሪው ይበዛል፣ ሙቀቱም ይጠልቃል። ቲግ የሚባለው ብየዳ ለስላሳና በመዶሻ የሚታዘዝ መሥመር ስለሚተው ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም፣ አንድ እጅ ችቦውን፣ ሌላው ሽቦውን፣ እግር ደግሞ ፔዳሉን ይዘው በአንድ ልብ እንዲሠሩ ስለሚጠይቅ ብዙ ወራት ልምምድ ይፈልጋል። በኦክስጅንና በአሲታይሊን የሚደረገው የጋዝ ብየዳም ለስላሳ መሥመር ይሰጣል፤ ችግሩ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ማዳረሱ ነው።

ጥያቄ፦ የበሬን ታችኛ ክፍል ዝገት ቆርጬ አዲስ ላሜራ በየድኩበት። ብየዳው ጠንካራ ነው፤ በሩ ግን እንደ ውሃ ሞገድ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ ይህ ነገር ከገባዎት የቀረው የሥራው ክፍል ይቀላል። ብረት ሲግል መስፋት ይፈልጋል፤ ዙሪያውን የከበበው ቀዝቃዛ ብረት ግን ቦታ ስለማይለቅለት፣ የጋለው መሥመር ወደ ጎን መሄድ አቅቶት በቆመበት ይወፍራል። ሲበርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ልኩ አንሶ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ጎረቤቱን ላሜራ እየጎተተ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ሞገዱ የመጣው በርዎ ላይ ብረት ስለበዛ ሳይሆን፣ በብየዳው መሥመር ላይ ብረት ስላጠረ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይረዳ እብጠቱን እየመታ ሌላ እብጠት ይፈጥራል።

እኔም የመጀመሪያውን በሬን ስሠራ አሥር ሴንቲሜትር የሚሆን መሥመር ሳላቋርጥ በአንድ ትንፋሽ በየድኩ። ማታ ላይ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን «ጧ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ስለቀውም «ጧ» ብሎ ወጣ። መድኃኒቱ አጥሮ የቀረውን መሥመር መልሶ ማስረዘም ነበር። የብየዳውን ጉብታ ከላሜራው እኩል እስኪሆን ሞረድኩት፤ ከኋላ ከባድና ፊቱ የለሰለሰ መደገፊያ ብረት ይዤ፣ ከፊት ደግሞ ጠፍጣፋ ፊት ባለው ቀላል መዶሻ ብየዳውን ብቻ መታሁት። መዶሻው በትክክል ከመደገፊያው ላይ ሲያርፍ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣል፤ ሲስት ደግሞ የታፈነ ድምፅ ነው። በሁለት ብረቶች መካከል የተጨፈለቀው ላሜራ በየምቱ በጥቂቱ ይሳሳል፣ ይለጠጣል። አሥር ጊዜ ያህል መትቼ በመዳፌ እዳስሳለሁ፣ እንደገና እመታለሁ፤ ድንገት ያ «ጧ» የሚለው ድምፅ ጠፋ። እዚያ ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ ቢቀጥሉ ብረቱ ከሚገባው በላይ ረዝሞ በሌላ አቅጣጫ ያብጣል። የሚግ ብየዳ ከላሜራው ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ አስቀድሞ በደንብ ካልተሞረደ ለመዶሻ እንደማይታዘዝም ልብ ይበሉ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ይበይዱ። በየሦስት ሴንቲሜትሩ አንድ ነጥብ ካስቀመጡ በኋላ፣ አንዱን ከዚህ ጫፍ፣ ሌላውን ከዚያኛው ጫፍ እያፈራረቁ ክፍተቱን ይሙሉ፤ የቀደመው ነጥብ ባዶ እጅ አሳርፈው የሚታገሡት ያህል ሳይበርድ አጠገቡ አይድረሱ። አንድ መሥመር ግማሽ ቀን ቢፈጅ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲሱን ላሜራ በአሮጌው ላይ ደርቤ ብበይደውስ? ይቀላል።

መልስ፦ ይቀላል። በሁለቱ መካከል ግን እርጥበት ይገባና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በተጨማሪም የተደረበውን ቦታ ከላይ እንዳየነው በመዶሻ ማስተካከል አይቻልም። በሚታይ ቦታ ጫፍ ለጫፍ ያጋጥሙት።

ጥያቄ፦ ጎድጓዳውን በስቱኮ (ተቀብቶ ሲደርቅ በሚጠነክረው መሙያ) ሞልቼ ብገላገልስ? ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለም?

መልስ፦ ስቱኮን የሚንቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ያልሠራ ነው። በእጅ የተስተካከለ ላሜራ ሁሉ ማለት ይቻላል ከቀለሙ በታች ትንሽ ስቱኮ አለበት። ልዩነቱ ውፍረቱ ላይ ነው፤ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ካስፈለገ ላሜራው ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። በዝገት ላይና ከኋላው ክፍት በሆነ ቀዳዳ ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ውሃ ስለሚመጥ ከሥሩ ዝገት ይቀጥላል፣ በኋላም እንደ ቂጣ ተቀርፎ ይወድቃል። በዚሁ ምክንያት ሲያለሰልሱት በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት እንጂ በውሃ አይሁን።

ዓይን የማያየውን ጉድጓድ ለማግኘት ጥቁር ቀለም ከሩቅ እንደ ጤዛ ረጭተው፣ ቀጥ ባለ ረጅም እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ፣ መጀመሪያ የነጣው ደግሞ ከፍ ያለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ መኪኖች ላይ ፋብሪካው ራሱ የላሜራ መጋጠሚያዎችን በእርሳስና በቆርቆሮ (ቲን) ቅይጥ ይሞላ ነበር። ቀለሙን ሲያነሱ ለስላሳና አመድማ ብረት ካጋጠመዎት በግራይንደር አይንኩት፤ ብናኙ መርዝ ነው። በእጅ ሞረድ ቀስ ብለው ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ሰፊ ጎማ ለመግጠም ፓራፋንጎውን በ4 ሴንቲሜትር ማስፋት እፈልጋለሁ። እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ መጀመሪያ 4 ሴንቲሜትር እንደሚበቃ ያረጋግጡ። መኪናውን በአስተማማኝ መቆሚያ ላይ አቁመው ሞላውን ያውጡ፤ ጎማውን እስከሚችለው ድረስ ወደ ላይ ያንሱት፣ መሪውንም እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት። ጎማው ላሜራውን የሚነካው መኪናው ቆሞ ሳይሆን ጉድጓድ ላይ ታጥፎ ሲያልፍ ስለሆነ፣ ልኩ የሚወሰደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚያም የጎማውን ቅስት ተከትለው፣ ከጠርዙ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ። የታጠፈው የታችኛ ጠርዝ አይነካ፤ ለፓራፋንጎው ጥንካሬ የሚሰጠውም ቅርፁን የሚጠብቀውም እሱ ነው። የተቆረጠውን ቅስት በትንንሽ ዘንጎች ወደ ውጭ ገፍተው በነጥብ ብየዳ ያቁሙትና ሁለት ቀን ያህል እየተመላለሱ ይዩት፤ ከሩቅ ይዩት፣ ተንበርክከው ይዩት። በካርቶን የክፍተቱን ልክ ካወጡ በኋላ ላሜራውን በአጫጭር ቁራጮች ይሙሉት፤ በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ አንድ ረጅም ቁራጭ ቀርጾ ማስገባት የጀማሪ ሥራ አይደለም። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን እኩል እያራመዱ ይሥሩ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ለማመሳሰል መሞከር ስቃይ ነው። ልኩንም ከመኪናው መካከለኛ መሥመር ይውሰዱ፤ የድሮ መኪና ሁለት ጎን ከፋብሪካም ሲወጣ እኩል ላይሆን ይችላል።

ብረት ከመቁረጥዎ በፊት የሚኖሩበት አገር የተሽከርካሪ ምርመራ ሕግ እንዲህ ያለውን ለውጥ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግስ?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ሥራ አይሞክሩት። ምሰሶዎቹን ስምንት ሴንቲሜትር ቆርጦ ጣሪያውን ማሳረፍ ብቻ ይመስላል። ምሰሶዎቹ ግን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ወደ ውስጥ ስለሚጠጋጉ፣ ከቆረጡ በኋላ የታችኞቹ ጉቶዎች ከጣሪያው ማዕዘኖች ተራርቀው ይገኛሉ፤ ወይ ምሰሶዎቹን ማዘንበል፣ ወይ ጣሪያውን ራሱን ቆርጦ ማስፋት ሊኖርብዎት ነው። የመስታወቱ ጉዳይም አለ፤ በሁለት ሽፋን የተጣበቀው የፊት መስታወት ሊቆረጥ ይችላል፣ በሙቀት የጠነከረው የጎን መስታወት ግን ሊቆረጥ ሲሞከር እንደ ጨው ይበተናል። መኪናው ለብቻው ሻንሲ የሌለው፣ አካሉ ራሱ ሸክሙን የሚሸከም ከሆነ ደግሞ ጣሪያው የጥንካሬው አካል ነው።

ጥያቄ፦ ከበሩ ሥር በርዝመት የሚሄደው ሳጥን በዝገት ተበልቷል። ቆርጬ ልቀይረው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ከመቁረጥዎ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ወፍራም የብረት ቱቦ በይደው ይደግፉት፣ መኪናውንም በጎማው ላይ እንደሚቆመው ደልድለው ያቁሙት። ይህን የዘለለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ አካሉ መካከሉ ላይ ጎብጦ በሩ አልዘጋ ይለዋል፤ ያን ጊዜ የበየደውን ሁሉ መልሶ ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ የለውም። አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ የኔ አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ይህ ሁሉ ለሱም ይሠራል?

መልስ፦ አብዛኛው የውጭ ላሜራው የአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ በከፊል ብቻ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እንደ ብረትም ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ሳይታሰብ ይወርዳል። ለአሉሚኒየም የተለየ ሞረድና የብረት ብሩሽ ይያዙ፤ ብረት በሚነካው ቦታም ሁሉ መካከላቸው መለያ ያድርጉ፣ ያለበለዚያ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ነው የምሠራው። ለጤናዬ ምን ላስብ?

መልስ፦ የነዳጅ ጋኑን ባዶ በማድረግ አይርኩ፤ አውጥተው ከግቢው ያርቁት፤ በባዶ ጋን ውስጥ የቀረው ተን ከሞላ ጋን ይልቅ ይፈነዳል። ባትሪውን ይንቀሉ። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የጠረጉትን ብረት አይበይዱ፤ የብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ሊያወጣበት ይችላል። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከሆነ ልባጡን ከመጋጠሚያው ላይ ያንሱ፤ ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈቅፍቁት።

ሁለት ክፍል ሆኖ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለውን ቀለም በቤት መርጨት ግን አልመክርም። በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክም የሚያስተማምን አይደለም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚመጣበት መሸፈኛ ያስፈልጋል። ላሜራውንና አንቲረስቱን (ዝገት የሚከላከለውን የመጀመሪያ ቅብ) እርስዎ ይጨርሱና የመጨረሻውን ቀለም የመርጫ ክፍል ላለው ሰው ይስጡ።

የዕለቱን የመጨረሻ ነጥብ ከበየዱ በኋላም መብራት አጥፍተው ወዲያው አይሂዱ። ከላሜራው ጀርባ የተለጠፈው የድምፅ መከላከያና አሮጌ ሬንጅ ለረጅም ጊዜ ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላል። ወንበር ስበው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ውሃ ከአጠገብዎ ይኑር፤ በመጨረሻም እጅዎን በላሜራው ጀርባ ላይ አሳርፈው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጠው ይዝጉ።