ሰብታይትል እምቢ ላለው የአዘዞው ልጅ፦ ፊልሙን አታጥፋው

ማታ የጻፍከውን አሁን ነው ያየሁት። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ወንድማችን የኮሪያ ፊልም አውርዷል፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉንም (ከምስሉ ሥር የሚመጣውን የንግግር ጽሑፍ) ከሌላ ቦታ ለብቻው አውርዷል። ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ሲከፍተው ጽሑፍ የለም፤ በፍላሽ ገልብጦ ሳሎን ቲቪ ላይ ሲሰካውም የለም። «ፊልሙ ተበላሽቶ ይሆን? አጥፍቼ እንደገና ላውርደው?» ይላል።

ኧረ አታጥፋው! ያ ሁሉ ዳታ ዝም ብሎ የሚደፋ ነው እንዴ? ምስሉና ድምፁ ደህና ከሆነ ፊልሙ ጤነኛ ነው። አንተ ያወረድከው ሰብታይትል ለብቻው ያለ ሚጢጢ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ 100 ኪሎባይት አካባቢ ቢሆን ነው። ጣጣው ያለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ፊልምና ሙዚቃ ፍላሽ ላይ የሚጭን ሱቅ ሁለት ዓመት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። የማራኪ ግቢ ተማሪዎች ዓርብ ማታ ፍላሻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከፊሎቹ «ጽሑፉ አይመጣም» እያሉ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ቪኤልሲውን አጥፍቼ እንደገና ስጭን ነበር የምውለው። አንዲት ልጅ ግን ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ «ወይ አስተካክል ወይ ብሬን መልስ» ብላ ፊት ለፊቴ ቆመች። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ሰብታይትሉን ዊንዶውስ ላይ ባለው የጽሑፍ መክፈቻ፣ በኖትፓድ፣ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች የዌብሳይት ኮድ! የፊልሙ ንግግር አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ልጅቷ የተጫነችው ሰብታይትሉን ሳይሆን ገጹ ላይ ያለውን ትልቁን የማስታወቂያ «ዳውንሎድ» ነው፤ ስሙ ግን ሰብታይትል ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሲመጣ መጀመሪያ ኖትፓድ ነው።

ስለዚህ አንተም ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገህ በኖትፓድ ክፈተው። ጤነኛ ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር ታያለህ፦

1
00:01:12,400 --> 00:01:15,000
ቆይ፣ ማን ነው?

ተራ ቁጥር፣ ከየት ሰዓት እስከ የት ሰዓት፣ ንግግሩ፤ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ 2 ብሎ ይቀጥላል። ከሰከንዱ በኋላ ያለችው ኮማ ናት፣ ነጥብ አይደለችም። በእጅ ሲነካካ ነጥብ የገባበት ፋይል አጋጥሞኛል፤ አንዳንዱ ማጫወቻ ይሄን ሲያይ ጽሑፉን ሳያሳይ ዝም ይላል። ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት ካለ ወይም የማይነበብ ዝባዝንኬ ከሞላው ደግሞ ዚፕ ወይም ራር (የታሸገ ፋይል) ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ፍታው።

ውስጡ ደህና ከሆነ ወደ ስሙ ና። ያንተ ችግር ላፕቶፑም ቲቪውም ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ እኔ የምጠረጥረው እዚህ ጋ ነው። የሰብታይትሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፣ መጨረሻው ብቻ ይለያል፤ ሁለቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። ዊንዶውስ ግን የስሙን ጅራት ይደብቃል፤ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። አንተ በነጥብ ኤስአርቲ (.srt፣ የሰብታይትል ፋይል ጅራት) ያለቀ ይመስልሃል፣ ከኋላው ግን ሌላ ነጥብ ቲኤክስቲ (.txt) ተደብቋል። ፎልደሩን ከፍተህ «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጥ (ዊንዶውስ 11 ላይ «ሾው» በሚለው ሥር ነው)፤ የተደበቀው ይወጣል። ቲኤክስቲዋን ቆርጠህ ጣላት።

ላፕቶፑ ላይ ስም መቀየሩ ከሰለቸህ ፊልሙ እየታየ ሳለ ፋይሉን በማውስ ጎትተህ ቪኤልሲው ላይ ጣለው፣ ይቀበለዋል። ስልክ ላይ በኤምኤክስ ፕሌየር ሦስቷን ነጥብ ነክተህ ከሰብታይትል ሥር «ኦፕን» ትላለህ። ቲቪ ግን እንዲህ ያለ ውለታ አይውልልህም፤ ስሙ ካልተመሳሰለ አያውቀውም። ተመሳስሎም ሪሞቱ ላይ ሰብታይትል ኦፍ ተደርጎ ከሆነ ያው ነው፣ እሱንም እይ።

ፊልሙ ኤምኬቪ ከሆነ (ጅራቱ .mkv ማለት ነው) አንዳንዴ ሰብታይትሉ ውስጡ አብሮ ይመጣል። ቪኤልሲ ላይ የ«ቪ»ን ቁልፍ ደጋግመህ ጫን፣ ያሉትን በየተራ ያሳይሃል። ላፕቶፕ ላይ እየታየ ቲቪ ላይ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ከብሉሬይ ዲስክ የተወሰደ ሰብታይትል ፊደል ሳይሆን ሥዕል ስለሆነ ብዙ ቲቪ አያነበውም። ለሱ ቀላሉ መፍትሔ ኤስአርቲ ፈልጎ ማውረድ ነው።

አሁን ያንተ ጥያቄ ባይሆንም፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ በአማርኛ የሚተረጉሙ ስላሉ አንድ ያቃጠለኝን ልናገር። ለእማዬ ብዬ አንድ ፊልም ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩ። በሦስተኛው ማታ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሳይጠፋ ብዬ ተጣድፌ ሴቭ አደረግሁ። ኖትፓዱ የሆነ ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ ሳላነብ ኦኬ ብዬ ዘጋሁት። በነጋታው ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት፦ ???? ?? ????። የድሮው ኖትፓድ ዝም ካልከው የሚያስቀምጠው አንሲ በሚባል የድሮ የፊደል ኮድ ነው፣ አንሲ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ያ ፋይል አይመለስም፤ እኔም አልመለስኩበትም፣ እማዬም ፊልሙን በምስሉ ብቻ አየችው። ሴቭ ስታደርጉ ከታች «ኢንኮዲንግ» የሚለውን የግዕዝ ፊደልንም የሚያውቀውን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ከ2019 ወዲህ ያለው ኖትፓድ ራሱ በዚያ ነው የሚያስቀምጠው፣ ግን የስንታችን ላፕቶፕ አዲስ ነው?

በጥያቄ ምልክት ፋንታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ግን ደስ ይበላችሁ። ሳጥን ማለት ፊደሉ አለ፣ ፎንቱ ግን አያውቀውም ማለት ነው። ቪኤልሲ ፕሪፈረንስ ውስጥ ሰብታይትል የሚለው ጋ ገብታችሁ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። ቲቪው ሳጥን ካሳየ ግን የቲቪውን ፎንት መቀየር ብዙ ጊዜ ስለማይቻል ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ይሻላል።

ወዳንተ ልመለስ። ጽሑፉ መጥቶ ከንግግሩ ጋር ካልገጠመ፣ ጽሑፉ ሲዘገይ የ«ጂ»ን፣ ሲቀድም የ«ኤች»ን ቁልፍ ጫን፤ አንድ ጫና 50 ሚሊሰከንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን በቁልፍ አትድከም። ሰብታይትሉ በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተሠርቶ ያንተ ፊልም 23.976 ከሆነ፣ 100 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 4 ደቂቃ ያልፋል፤ ፊልሙ ገና «ገዳዩ ማን ነው?» ሳይል ጽሑፉ ቀድሞ ገዳዩን ይነግርሃል። የፊልምህን ሙሉ ስም አንብብ፣ ብሉሬይ ወይም ዌብ ይላል፤ ሰብታይትሉንም ያው ስም ያለውን ፈልግ።

ዛሬ ማታ መጀመሪያ ኖትፓዱን፣ ቀጥሎ ጅራቱን እይ። እምቢ ካለህ የፎልደሩን ፎቶ እዚሁ ልቀቅ፣ የሁለቱም ፋይል ስም እስከ ጅራቱ የሚታይ ይሁን። እኔ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ኦንላይን ነኝ።