ለቻይና አማኞች ብርና መጽሐፍ ቅዱስ በተማሪ እጅ እንላክ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ፌሎውሺፓችሁ ቻይና ውስጥ በእምነታቸው ለሚሳደዱ አማኞች ብር አዋጥቶ፣ በስኮላርሺፕ በሚሄደው ወንድም ዶላርና የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ እናስይዘው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ቻይና ዉሃን ከተማ ተምሬ ነው የተመለስኩት፣ ካየሁትና ከዛ በኋላ ከተከታተልኩት ተነስቼ ልንገርሽ፦ በእሱ እጅ ምንም አትላኩ። ሻንጣው ይፈተሻል ብዬ ብቻ አይደለም፣ እሱማ ብዙ ጊዜ ይወረስበታል ወይ ይመልሱታል፣ እኔ የምፈራው ለሚቀበሉት ሰዎች ነው።

መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሱ። ብዙ ሰው ልቡ አሁንም 1981 ላይ ነው (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ ነው የማወራው)፣ ያኔ ኦፕን ዶርስ የሚባለው የሚሳደዱ ክርስቲያኖችን የሚረዳ ድርጅት አንድ ሚሊዮን መጽሐፍ ቅዱስ በሌሊት በባህር አስገብቶ ደቡብ ቻይና ሻንቱ ከተማ አጠገብ ዳርቻ ላይ ያራገፈ ጊዜ። ያኔ አማኞቹ በእጅ እየጻፉ እየቀዱ ነበር የሚያነቡት። ዛሬ ግን ናንጂንግ ያለው አሚቲ ማተሚያ ቤት፣ ወደ ውጭ የሚልከውን ጨምሮ፣ እስከ 2019 ድረስ ብቻ 200 ሚሊዮን አትሟል። የሚሸጠው ግን መንግስት በመዘገባቸው ቸርቾች በኩል ነው፣ በ2018 ከኦንላይን ሱቆች ተነሳ፣ በ2021 ደግሞ አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ አፖች ከቻይናው አፕ ስቶር ወረዱ። እኔ እሁድ እሁድ የምሄድበት የተመዘገበ ቸርች መግቢያው ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፣ በርካሽ ትሸጣለች፣ ሰዉ ቦታ እያጣ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ካሜራው ደግሞ ከላይ ያያል። ስለዚህ ቻይና ቸርች የለም የሚሉትም ስደት የለም የሚሉትም ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያወሩት። ስደቱ በዋናነት መመዝገብ እምቢ ያሉት፣ የቤት ቤተክርስቲያን የሚባሉት ላይ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። እነዚህን ሰዎች በእምነታችሁ ብሎ በግልጽ የሚከስ ብዙም የለም፣ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ነው የሚከሷቸው። ቼንግዱ ያለው የኧርሊ ሬይን ቸርች ፓስተር ዋንግ ዪ በታህሳስ 2018 ከብዙ አባላቱ ጋር ተይዞ በዓመቱ ዘጠኝ ዓመት ሲፈረድበት አንዱ ክስ መንግስትን ለመገልበጥ ማነሳሳት፣ ሌላኛው ህገወጥ ንግድ ነበር። ንግዱ ምን መሰለሽ? የቸርቹ መጻሕፍት። ሊንፈን ከተማ ላይ ደግሞ ጎልደን ላምፕስታንድ የሚባለውን ቸርች ግዙፍ ህንጻ በ2018 በፈንጂ አፈረሱት፣ ከዛ መሪዎቹን ምዕመኑ በሰጠው መባ ሰበብ በማጭበርበር ከሰሷቸው። የራሳቸው ሰው መባ እንዲህ ካስከሰሰ ከውጭ የመጣ ዶላር ቤታቸው ቢገኝ አስቢው። ከ2017 ጀምሮ የውጭ ድርጅቶችን ፖሊስ የሚመዘግብበትና የሚቆጣጠርበት ህግም አለ። የደርግን ጊዜ ያዩ ወላጆቻችንን ጠይቂ፣ የሲአይኤ ተላላኪ እየተባሉ ሲታሰሩ ከውጭ የመጣች አንዲት ደብዳቤ እንኳ ምን ታመጣ እንደነበር ይነግሩሻል።

ታዲያ አትርዱ እያልኩ አይደለም ኧረ! ከታሰረው ይልቅ ቤት የቀረው ቤተሰብ ነው የሚጎዳው፣ አከራዩ በፖሊስ ግፊት አስወጣቸው፣ ሚስት ከስራ ተባረረች፣ ጠበቃው ፈቃዱን ተነጠቀ፣ እንዲህ እንዲህ ነው የሚሰማው። እዛ ያሉት አማኞች እርስ በርስ እየተረዳዱ ነው የሚኖሩት፣ ኧርሊ ሬይን ራሱ ከመዘጋቱ በፊት የእስረኛ ቤተሰቦችን ይረዳ ነበር። እናንተ በቀጥታ ልትገቡበት የምትችሉት ግን ከቻይና የወጡት ጋ ነው። የሼንዠኑን ቸርች እዪ፣ ወደ 60 ሰው፣ ግማሹ ህጻን፣ መጀመሪያ ደቡብ ኮሪያ ጄጁ ደሴት ሄዱ፣ ጥገኝነት ተከለከሉ፣ ከዛ ታይላንድ፣ እዛ ቪዛ አልቆባቸው በመጋቢት 2023 ፓታያ ላይ ተያዙ፣ በሚያዝያ ቴክሳስ ገቡ። እንደዚህ ላለ ሰው የሚያስፈልገው የቤት ኪራይ፣ የኢሚግሬሽን ቅጣት፣ ጠበቃና የልጆች ትምህርት ነው፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ነገር የለውም። ብራችሁን ታይላንድ ወይም አሜሪካ ተመዝግቦ በስደተኞች ላይ በግልጽ ለሚሰራ ድርጅት ስጡ፣ ሪፖርት ጠይቁ። "በድብቅ ቻይና ውስጥ እናደርሳለን፣ ዝርዝሩ ግን ሚስጥር ነው" የሚላችሁን እኔ ብሆን አልሰጥም፣ አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ ግን በምን ትለይዋለሽ?

ወንድማችንን ደግሞ እንዲህ በይው፦ ለራሱ የምታገለግለውን አንድ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይያዝ፣ የተመዘገበ ቸርች ወይ ፓስፖርት እያሳዩ የሚገቡበት የውጭ ዜጎች ህብረት ይሂድ። ቻይናዊ ጓደኛ ቤቱ ለጸሎት ቢጠራው እሱ ያውቃል፣ ግን ፎቶ አያንሳ፣ ስም አይጥራ፣ ዊቻት ላይ (የቻይናው የመልእክት አፕ) ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይጻፍ። እናንተም "ሚሽነሪያችንን ሸኘን" ብላችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት በጌታ!

ብሩ ያለው አዲስ አበባ ነው ወይስ ውጭ? አዲስ አበባ ከሆነ የውጭ ምንዛሪው ራሱ ሌላ ጣጣ ስላለው እሱን ንገሪኝና እናወራለን።