«ማን ነው ያጠፋው?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የሳይንስ መምህራችን ጡረታ ሊወጡ ነው፤ እርስዎንም አስተምረዋል አሉ። በሽኝታቸው ላይ ምን ብንል ይሻላል?» አለችኝ። «አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ማሰብ አላስፈለገኝም ነበር፤ ምላሴ ነው የተሳሰረው።

1980 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ቲቸር ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቱ ነው። («እርሳቸው» ስትዪ ሳቄ መጣ፤ ድሬ ላይ አንቱታ መቼ እናውቅ ነበር?) ለክፍሉ ያለው ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ነው። ከቤቱ የላምባ ምድጃና ድስት አምጥቶ ውሃ አፈላና ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ አንብበን እንድንጽፍ አዘዘን። የድሬ ሙቀት ላይ ምድጃ ተጨምሮበት ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፏል።

ጓደኛዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሜርኩሪውን አየና 96 ብሎ ጻፈ። እኔ ዞር ብዬም አላየሁ። መጽሐፉ 100 ይላላ! «አቦ፣ አታሰድበን» ብዬ ደብተሩን ነጠቅኩና በላጲስ ፈግፍጌ 100 ጻፍኩበት። ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ቲቸር ያንን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ከ100 ሥር 96 ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ማን ነው ያጠፋው?» ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ ቲቸር» አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ያደረግኩት ግን ነጠላ ጫማ ነበር። ያ 100 የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ቲቸር ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

አልተቆጣም። ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ «የፈለገ ይምጣ» ብሎ በራሱ ገንዘብ አራት ልጆች ይዞ ሐረር ወጣ። ጓደኛዬ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ደንገጎን አልፈው፣ ሸዋ በር አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ውሃ አስፈልተው 94 ማንበባቸውን ሰኞ ከእሱ ሰማሁ። ባለሻይዋ «ውሃው አሞታል እንዴ ትኩሳቱን የምትለኩለት?» ብላ ስቃባቸዋለች።

ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ግድም ነው፤ ሐረር ከ1,850 ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ውሃ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። 100 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፤ የጅቡቲ። ጓደኛዬም በዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደዚያው ሄደ።

እኔ የውሃ ላቦራቶሪ ሰው ሆንኩ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር፣ የድሬን ውሃ ኖራ፣ ስለካ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ለልምምድ የሚላኩልኝ ልጆች ናሙናው ሳይደርስ ውጤቱ ስንት መሆን እንዳለበት ከስልካቸው ያነባሉ። ሰነፎች ናችሁ ልል ነበር፤ እኔ ግን ያለ ስልክ ያንኑ ነው ያደረግኩት። ደግሞስ ለመምህር መሸኛ የሚጨነቅ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል?

እንግዲህ ልጄ፣ «እንደ ሻማ ቀልጠው» የሚለውን ተዉት፤ በስንት ዲግሪ ነው የቀለጥኩት ብሎ ያፋጥጣችኋል። እሱ ሲያደርግ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሩት። እኔም እመጣለሁ። የጓደኛዬን የጅቡቲ ስልክ ከእህቱ ተቀብያለሁ፤ እስካሁን አልደወልኩም።