ሂት ፓምፕ፣ ታክስ ክሬዲትና ሪቤት፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የታክስ ሰሞን ስለደረሰ ጥያቄው በርትቷል። አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ቤት ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ላወጣነው ወጪ «መንግሥት ይመልሳል» ስለተባለው ገንዘብ። ሕጉ ደግሞ መሃል ላይ ተቀየረ። በ2022 የወጣው ሕግ የፌዴራሉን ታክስ ክሬዲት (ካለብን ግብር ላይ የሚቀነሰውን ገንዘብ) እስከ 2032 አራዝሞት ነበር፤ ጁላይ 4, 2025 የተፈረመው ግን በዲሴምበር 31, 2025 ዘጋው። ይህን ሰምታችሁ «አለቀ» ብላችሁ የተዋችሁት ብዙ ናችሁ። ለአዲስ ሥራ አዎ፣ አልቋል። ቀድሞ ለተሠራው ግን አላለቀም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው፤ ሰው የሚገባውን ገንዘብ ሳያውቅ ጥሎት ሲያልፍ።

«ኦክቶበር 2024 ላይ የድሮውን ፈርነስ (ማሞቂያ) አስነቅለን ሂት ፓምፕ (የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም የኤሌክትሪክ ማሽን) አስገባን። ስለ ክሬዲቱ ማንም አልነገረንም። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ውሃ በላው በቃ?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

አልበላውም እህቴ። የ2024 ታክስሽን በጊዜው አስገብተሽ ከሆነ እስከ 2028 ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ማስተካከል ትችያለሽ። የማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ይባላል። ከሱ ጋር ፎርም 5695 ይሞላል።

ለሂት ፓምፕ የሚታሰበው የወጪው 30 በመቶ ነው፤ በዓመት ከ2,000 ዶላር ግን አያልፍም። በቁጥር ላሳይሽ። ሥራው 11,400 ዶላር ፈጀ እንበል። መብራት ኩባንያው 1,000 ዶላር ሪቤት (የዋጋ ተመላሽ) ሰጥቷችሁ ከነበረ መጀመሪያ እሱ ይቀነስና 10,400 ይቀራል። የሱ 30 በመቶ 3,120 ነው። ጣሪያ ስላለው 2,000 ላይ ይቆማል። የእጅ ዋጋም አብሮ ይቆጠራል። (ለመስኮት፣ ለበርና ሙቀት እንዳያመልጥ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ለሚገባው ኢንሱሌሽን ሲሆን ግን የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው።)

ደግሞ ሁሉም ሂት ፓምፕ አያልፍም። ውጭ የተተከለውን ሣጥን ዞር ብለሽ ጎኑን ስታዪ ሞዴል ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ታገኛለሽ። ፎቶ አንሺው። አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያ ሞዴል ለክሬዲቱ ብቁ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ካለ አውርደሽ ከኢንቮይሱ ጋር አስቀምጪ። ወደ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) አብሮ አይላክም፤ ጥያቄ ቢመጣ ግን የሚያድንሽ እሱ ነው። ዕቃው በ2025 የገባላችሁ ደግሞ አራት ሆሄ ያለው የአምራቹን መለያ ኮድ ፎርሙ ላይ መጻፍ አለባችሁ። ኮዱን ኮንትራክተሩን ወይም አምራቹን ጠይቁ።

የተስተካከለ ፎርም ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ ታገሺ። በ2023 ያስገባችሁም አላችሁ። በጊዜው ፋይል አድርጋችሁ ከነበረ የእናንተ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15, 2027 ነው። ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

«ኮንትራቱን ዲሴምበር 12, 2025 ፈርሜ ግማሹን ከፈልኩ። ሠራተኞቹ የመጡት ጃንዋሪ 9 ነው። ኮንትራክተሩ ‹የሚቆጠረው የፈረምክበት ቀን ነው› ይለኛል።» — ከዉድብሪጅ

ተሳስቷል ወንድሜ። የሚቆጠረው ተተክሎ ለአገልግሎት የበቃበት ቀን ነው። ቀብድ መክፈልህም ሆነ ዕቃው ዲሴምበር ላይ ጋራዥህ መግባቱ አይረዳህም። ለሶላርም ቢሆን ሥራው ያለቀበት ቀን ነው የሚታየው። «ደረሰኙ ላይ ቀኑን እናስተካክልልህ» ካሉህ ደግሞ እንዳትሞክራት። ታክሱ ላይ የምትፈርመው አንተ ነህ፤ የካውንቲው የፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) መዝገብም ትክክለኛውን ቀን ይዞታል።

«ኡበር ነው የምሠራው። ሂት ፓምፑን የሸጠልኝ ሰው ‹2,000 ዶላር ቼክ ይመጣልሃል› ብሎኝ በወር ክፍያ ገባሁበት። ታክስ የምትሠራልኝ ልጅ 380 ዶላር ብቻ ነው ያስቀነሰችልኝ። ማንን ልመን?» — ከአሌክሳንድሪያ

ልጅቷን እመናት። ይህ ክሬዲት ያለብህን ግብር ይቀንሳል እንጂ ትርፉን በካሽ አይሰጥህም። ወደሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርም፤ በዚያው ዓመት ካልተጠቀምክበት ቀረ ማለት ነው። አንተ ላይ የከፋው ሌላ ነው። ለራሳችን የምንሠራ ሰዎች ሁለት ዓይነት ግብር አለብን፦ የገቢ ግብርና 15.3 በመቶ የሚባለው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የምንከፍለው። ክሬዲቱ የሚነካው የገቢ ግብሩን ብቻ ነው። አንተ የመኪናውን ማይል፣ ነዳጁን፣ ሁሉን ስትቀናንስ የገቢ ግብርህ ወደ 380 ወርዶ ሁለተኛው ብዙ ሺህ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እዚያ ላይ ክሬዲቱ አይሠራም። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅህ ቁጥር መጥራት አልነበረበትም፤ በእውነት አዝኛለሁ።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። «ሪፈንድ ስለወሰድኩ ግብር የለብኝም፣ ለእኔ አይሆንም» የሚሉ። ሪፈንድ ማለት ከደሞዝህ ከተገባው በላይ ስለተቆረጠ የተመለሰልህ ነው። የዓመቱ ግብርህ ግን 6,000 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሪፈንዱን ትታችሁ አጠቃላይ የገቢ ግብራችሁን የያዘውን መስመር እዩ።

«ክሬዲቱ ካለቀ ሪቤቱም አለቀ ማለት ነው? አንድ አይደሉም እንዴ?»

አንድ አይደሉም። ክሬዲት በታክስ ፎርም ነው የሚገኘው። ሪቤት ደግሞ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ወይም የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ ስቴት ወይም መብራት ኩባንያ ይሰጠዋል። የ2022ቱ ሕግ ለስቴቶች የመደበው የሪቤት ገንዘብ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ የተመደበው ለአንድ ቤት በድምሩ ከ14,000 ዶላር አያልፍም፦ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000፣ ለሂት ፓምፕ የውሃ ማሞቂያ 1,750፣ ለኤሌክትሪክ ፓነል 4,000፣ ለኢንሱሌሽን 1,600። ገቢያችሁ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች ከሆነ በዚህ ጣሪያ ውስጥ ሙሉ ወጪው ሊሸፈን ይችላል። ከ80 እስከ 150 በመቶ ከሆነ ግማሹ።

ግን ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የሚያከፋፍለው ስቴቱ ነው። አንዱ ጋ ክፍት ነው፣ ሌላው ጋ ገንዘቡ ተይዞ አልቋል። የስቴታችሁ ኢነርጂ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከሥራው በፊት መፈቀድ አለበት። አስገብታችሁ ስታበቁ ደረሰኝ ይዛችሁ ብትሄዱ አይሆንም።

«ቤቱን አከራይቼዋለሁ፣ እኔ የምኖረው አፓርትመንት ነው። በ2025 ለተከራዮቹ ያስገባሁት ይታሰብልኛል?»

አይታሰብም። አንተ የማትኖርበት ቤት በዚህ ክሬዲት አይገባም። ወጪው ግን ከኪራይ ገቢህ ላይ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይቀነሳል፤ ታክስ ሠሪህን አስታውሰው።

«አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። እኛ ሥራ ላይ ሳለን ሁለት ልጆች በር አንኳኩተው ‹ከመንግሥት በነፃ› ብለው አስፈረሟቸው። ወረቀቱን ሳየው የ14,000 ዶላር ብድር ነው። የፈረሙት ትናንት ነው።»

ዛሬውኑ ተነሽ። ቤት ድረስ መጥተው ለሸጡት ከ25 ዶላር በላይ ለሆነ ነገር የፌዴራል ደንቡ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ይፈቅዳል። ምክንያት አትጠየቂም። ከኮንትራቱ ጋር የመሰረዣ ፎርም ሊሰጧቸው ይገባ ነበር። ከሌለ ራስሽ ጽፈሽ፣ አባትሽ ፈርመውበት፣ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮመንዴ ላኪው። ደረሰኙን ያዢ። ስልክ ብቻ ደውለሽ እንዳትተዪው።

አባትሽ እውነትም ማሞቂያቸው ካረጀና ገቢያቸው ትንሽ ከሆነ በነፃ የሚገኝ እርዳታ በእውነት አለ። በር ግን አያንኳኳም። ላይሂፕ የሚባለው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሂሳብ ያግዛል፤ ብዙ ቦታ የተበላሸ ማሞቂያም ያስጠግናል። ዌዘራይዜሽን የሚባለው ከ1976 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ኢንሱሌሽን ያስገባል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። ላይሂፕ በቨርጂኒያ የካውንቲው ሶሻል ሰርቪስ ጋ ይጀመራል። ሌላ ቦታ ያላችሁ 211 (የእርዳታ መረጃ ስልክ) ደውሉ።

«አሁን ክሬዲት ከሌለ ሂት ፓምፕ ማስገባቱ ያዋጣል ወይስ ልጠብቅ? ኤሌክትሪካችን በክረምት 400 ዶላር ይመጣል።»

ያለሽ ማሞቂያ ከሠራ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ እዪ። እኛ ቤት ባለፈው ክረምት ቡና ተፈልቶ እጣን አጨስን። ጢሱ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ተጠምዝዞ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል። ተከትዬው ሄድኩ። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለችው የአቲክ (ከጣሪያው በላይ ያለው ባዶ ቦታ) መግቢያ ክዳን ዙሪያዋን ክፍት ናት፣ ጢሱን ስባ ትጠጣዋለች። ለዓመታት የከፈልነው ሙቀት እዚያ ነበር የሚሄደው። ዙሪያውን የስፖንጅ ጎማ ለጠፍኩበት፣ ከላይ ኢንሱሌሽን ጫንኩበት። ኮሪደሩ ላይ ያለ ነጠላ ጫማ ስሄድ ይበርደው የነበረው እግሬ አሁን አይበርደውም።

አንቺም ነፋስ ባለበት ቀን እጣን አጭሺና በየበሩ፣ በየመስኮቱ፣ በየሶኬቱ አዙሪው። ከዚያ መብራት ኩባንያሽ ቤት መጥቶ የሚያይ ባለሙያ በቅናሽ ይልክ እንደሆነ ጠይቂ። ቤቱ ከተደፈነ በኋላ የሚያስፈልግሽ ማሽን ከአሁኑ ሊያንስ ይችላል፤ ኮንትራክተሩም ዋጋ ሲሰጥሽ የቤቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን ኢንሱሌሽኑንም ለክቶ ይሁን። ጢሱ ወዴት እንደሄደ ጻፊልኝ።