«እናቴ በመቃብር ትቀር ይሆን?» — ስለ ንጥቀት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ደሴ ዙሪያ ነው። ጎረቤቴ «አማኞች በድንገት ተነጥቀው ይሰወራሉ፣ የቀረው በመከራ ውስጥ ይቀራል» አለችኝ። ንጥቀት በመጽሐፍ ቅዱስ አለ ወይ? እናቴን ከቀበርሁ ዓመት አልሞላኝም፤ እርሷስ በመቃብር ትቀር ይሆን? ባለቤቴም ይህን ሰምቶ «ታዲያ በልግ መዝራት ለምኔ?» ይላል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከእናትሽ ልጀምር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነውና። የተሰሎንቄ ምእመናን ወገኖቻቸው ሲሞቱባቸው፣ ጌታ በሚመጣበት ቀን የሞቱት እንዳይቀሩ ተጨነቁ። እርሱም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 4 «በክርስቶስም የሞቱ አስቀድመው ይነሣሉ» ብሎ ጻፈላቸው። በሕይወት የሚገኙት «ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን» የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ቃሉ አለ፤ ጎረቤትሽ ከልቧ አላመነጨችውም። «ከእነርሱ ጋር» የምትለውን ግን አጥብቀሽ ያዣት፤ እናትሽ ትቀድማለች እንጂ አትቀርም። ይህ ክፍል በቅሬው፣ ማለትም በእድሩ፣ ድንኳን ለተቀመጠ ሐዘንተኛ የተጻፈ ያህል ነው፤ ምዕራፉ የሚያበቃውም በዚህ ቃል እርስ በርሳችሁ ተጽናኑ ብሎ ነው። ሰው የሚያስደነግጡበት ሲሆን ስሰማ ልቤ ያዝናል።

የምንነጠቀው ወዴት ነው? «ጌታን በአየር ለመቀበል» ይላል። በግሪኩ እዚህ ያለው «መቀበል» ዐሥሩ ደናግል ሙሽራውን ሊቀበሉ እንዲወጡ በተጠሩበት በማቴዎስ 25፥6፣ እንዲሁም የሮም ወንድሞች ጳውሎስን ሊቀበሉ በወጡበት በሐዋርያት ሥራ 28፥15 ያለው ቃል ነው። የሮም ወንድሞች መንገድ ድረስ ወጥተው ጳውሎስን አጅበው ወደ ከተማቸው ገቡ። በእኛም አገር ሙሽራ ሲመጣ ሰው ከደጅ ወጥቶ በእልልታ ተቀብሎ ያስገባዋል እንጂ ይዞት አይጠፋም። ንጥቀትንም እንዲህ እረዳዋለሁ፤ የሚመጣውን ንጉሥ ለመቀበል መውጣት ነው።

በስውር የሚሆን ነውም አልልም። የመላእክት አለቃ ድምፅና መለከት ያለበት መምጣት እንዴት ይሰወራል? በማቴዎስ 24፥29-31 መላእክት የተመረጡትን የሚሰበስቡት «ከመከራ በኋላ» ነው። ከመከራው በፊት የሚሆን የተለየ ንጥቀት አለ የሚለውን ትምህርት በሰፊው ያሰራጨው በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰባኪ ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ የሚመጣበትን አንድ ዳግም ምጽአት ነው።

በዚያው በማቴዎስ 24፣ በእርሻ ካሉት ሁለት ሰዎች «አንዱ ይወሰዳል አንዱም ይቀራል» የሚለውንም ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። ከላዩ ያለውን ቁጥር አንብቢ፤ በኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ መጥቶ «የወሰዳቸው» የጠፉትን ነው። ስለዚህ በዚህ ጥቅስ ብቻ ትምህርት አልመሠርትም።

ማቴዎስ 24 በቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት፣ ይነበባል። በልግ የሚዘራበት ሰሞን ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ማንም አያውቅም የሚለውን ሰምቶ የሚወጣው ገበሬ በማግሥቱ በሬውን ይጠምዳል። በተሰሎንቄም ሥራ ፈትተው የሚዞሩ ነበሩ፤ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 3፣ በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት፤ በልጉንም ይዝራ። የእናትሽ ሙት ዓመት ሲደርስ ደግሞ ያንን የተሰሎንቄ ምዕራፍ ለተሰበሰበው ሁሉ አስነብቢ።