ፊልሙን አከራዪው እንጂ አትሽጪው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የከፈትነው አነስተኛ የፊልም ስቱዲዮ አለን። እስካሁን ሦስት ፊልም ሠርተን ሲኒማ ቤት አሳይተናል። አራተኛው ቀረጻውም ኤዲቲንጉም አልቆ ቁጭ ብሏል። አሁን አንድ የስትሪሚንግ (ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳይ) ድርጅት ያወጣነውን ወጪ በሙሉ፣ ከላዩም የተወሰነ ትርፍ ጨምሮ ሊገዛን ይፈልጋል። መብቱ ግን ጠቅላላ የእሱ ይሆናል፣ ሲኒማ ቤትም አይገባም። ሸሪኬ ደግሞ “ለምን ለሰው እንሸጣለን? የራሳችንን አፕ ሠርተን ተመልካቹን በየወሩ እናስከፍል” ባይ ነው። እኔ መሀል ላይ ሆኜ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?
(እንቅልፍ ያጣሁት ፕሮዲዩሰር)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሸሪክሽን ሐሳብ እናንሳና እንገላገለው። አፑን ተዉት። አፑን መሥራቱ አይደለም ከባዱ። ከባዱ አንዴ ከፍሎ የገባ ሰው በሚቀጥለው ወር እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ሰውየው አራቱን ፊልማችሁን አይቶ ሲጨርስ ምን ያደርጋል? ይሰርዛላ! እንዳይሰርዝ ከተፈለገ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ማቅረብ አለባችሁ፣ ያ ደግሞ የማይሞላ ጋን ነው።

ይሄን የምለው እናንተን አሳንሼ አይደለም። ዲዝኒን ተመልከቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጂልኝ።) በ2017 ፊልሞቼን ከኔትፍሊክስ አነሳለሁ አለ፣ በ2019 የሌላውን የፊልም ኩባንያ የፎክስን አብዛኛውን ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፣ በዚያው ዓመት የራሱን ስትሪሚንግ ዲዝኒ ፕላስን በወር 6.99 ዶላር ብሎ ከፈተ። ማርቭል የእሱ፣ ፒክሳር የእሱ፣ ስታር ዋርስ የእሱ። እንዲያም ሆኖ በ2022 የበጀት ዓመት ብቻ ስትሪሚንጉ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አከሰረው። የስትሪሚንግ አገልግሎቶቹ ተደምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ያሳዩት በ2024 ነው፣ እሱም በሩብ ዓመቱ 47 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት የቻለው መዝናኛ ፓርኩ፣ ቴሌቪዥኑና መጫወቻ ሽያጩ ስለደጎሙት ነው። እናንተን ማን ይደጉማችኋል? ኩዊቢ የሚባለው አገልግሎትማ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ በ2020 ሚያዝያ ላይ ተከፍቶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ።

ለእናንተ የሚጠቅመው የሶኒ መንገድ ነው። ከትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች መሀል ሁሉን ያቀፈ የራሱን የስትሪሚንግ አገልግሎት ለመክፈት ያልተሯሯጠው እሱ ነው። (የጃፓን አኒሜሽን፣ አኒሜ፣ ብቻ የሚያሳየው ክራንቺሮል አለው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።) ሌሎቹ ተመዝጋቢ ለመንጠቅ ሲፋለሙ እሱ ለሁሉም አከራየ። በ2021 በአሜሪካ ከኔትፍሊክስም ከዲዝኒም ጋር ተዋዋለ። ፊልሙ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ይገባል፣ ቀጥሎ ሰው ቤቱ ሆኖ ከፍሎ እንዲያየው በኪራይ ይወጣል፣ ከዚያ ኔትፍሊክስ ለተወሰነ ጊዜ ይወስደዋል፣ የእሱ ጊዜ ሲያልቅ ወደ ዲዝኒ ይሄዳል። አንዱ ፊልም አራት ጊዜ ገንዘብ አመጣ ማለት ነው፣ ባለቤቱ ግን አልተቀየረም።

አሁን ወደቀረበላችሁ ዋጋ እንምጣ። “ወጪ ሲደመር ትርፍ” መጥፎ ነገር አይደለም፣ ኪሳራ የለውም። ችግሩ ፊልሙ ተወዶ ቢፈነዳም ትርፉ ያው ነው። ይሄው ሶኒ ራሱ ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ የሚባለውን አኒሜሽን ሠርቶ በዚሁ ዓይነት ውል ለኔትፍሊክስ ሰጠ። በ2025 ወጣና በኔትፍሊክስ ታሪክ ብዙ የታየ ፊልም ሆነ። እንደተዘገበው ሶኒ ያገኘው ትርፍ 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ስምምነቱ በወረርሽኙ ጊዜ፣ የሲኒማ ቤቶች ዕጣ ባልታወቀበት ሰዓት የተደረገ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ሶኒ ሌሎች ብዙ ፊልሞች ስላሉት ይችለዋል። አራት ፊልም ብቻ ያለው ስቱዲዮ ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አንዴ ካመለጠው ሁለተኛ ላያገኘው ይችላል።

አንድ ወዳጄ የፈረመውን ውል አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶልኝ ያውቃል። የገንዘቡ መጠን ያለበት ገጽ በመገላበጥ ብዛት ጠርዙ ተጨራምቷል። የመብት ዝውውር የሚለው ገጽ ግን ከፕሪንተር እንደወጣ ነው፣ እጥፋት እንኳ የለውም። እዚያ ላይ “ለዘለዓለም፣ በመላው ዩኒቨርስ፣ ዛሬ በሚታወቁም ሆነ ወደፊት በሚፈለሰፉ ማናቸውም ማሰራጫዎች” ይላል። እሱ የጠበቃ ማሳመሪያ መስሎት አልፎታል። በኋላ ታሪኩን ወደ ተከታታይ ድራማ ልቀይረው ሲል፣ ራሱ የፈጠረውን ገጸ ባሕሪ ለመጠቀም ፈቃድ ጠያቂ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ እምቢ አትበያቸው፣ ተደራደሪ። “ለዘለዓለም” የሚለውን ሦስት ወይም አምስት ዓመት አድርጉት በይ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ይቀንስ፤ ጊዜው ሲያልቅ ፊልሙ እጅሽ ላይ ነው፣ ለሌላ ታከራዪዋለሽ። ሁለተኛ ክፍል፣ ተከታታይ ድራማ፣ በሌላ ቋንቋ እንደገና መሥራት የሚሉትን መብቶች ከውሉ አስወጪ። ብዙ ጊዜ ገዢው እነዚህን የሚጨምረው ለምዶት ነው፣ ሲጠየቅ ይለቃል። ክፍያው መቼ መቼ እንደሚገባም አስጽፊ። በየሩብ ዓመቱ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ እስከዚያ የስቱዲዮውን ኪራይና ደመወዝ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፊልሙን ይህን ያህል ወር ውስጥ ካልለቀቁት መብቱ ይመለስልናል የሚል አንቀጽ ይግባበት። ገዝቶም፣ ራሱ አሠርቶም ማስቀመጥ አለ። የሆሊውዱ ስቱዲዮ ዋርነር በ2022 ባትገርል የሚባለውን ፊልም፣ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል እየተባለ፣ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው መደርደሪያ ላይ አስቀርቶታል። ለሠሩት ልጆች ከዚያ የባሰ ሐዘን ያለ አይመስለኝም።

ሲኒማ ቤቱንም ቶሎ አትልቀቂው። ለጥቂት ሳምንታት ቢሆን እንኳ ጠይቂ። ሲኒማ ቤት የሰነበተ ፊልም ስትሪሚንግ ላይ ሲገባ ስሙን ይዞ ነው የሚገባው። ዋርነር የ2021 ፊልሞቹን በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤትና የራሱ ስትሪሚንግ ኤችቢኦ ማክስ ላይ በአንድ ቀን አወጣለሁ ሲል ዳይሬክተሮቹ ተቆጡ። ለዓመታት አብሮት የሠራው ክሪስቶፈር ኖላን ቀጣዩን ፊልሙን ይዞ ወደ ሌላው ስቱዲዮ፣ ወደ ዩኒቨርሳል ሄደ። ያ ፊልም፣ ኦፐንሃይመር፣ በ2023 ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ዕዳ ካለባችሁና አበዳሪው በር ላይ ከቆመ ግን ሌላ ነው። ሽጡት። ተበድሮ ከመጨነቅ አንድ ፊልም ማጣት ይሻላል። ያኔም ቢሆን የሁለተኛውን ክፍል መብት ይዛችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ ፊልሜን የወሰደው ድርጅት ስንት ሰው እንዳየው አይነግረኝም። “ጥሩ ሄዷል” ብቻ ነው መልሱ። መጠየቅ መብቴ ነው?

መልስ፦ ውሉ ላይ ከሌለ ማስገደድ አትችልም። በሚቀጥለው ውል አስገባው። በ2023 የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ አቁመው ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነው። ስትሪሚንግ ኩባንያዎቹ የታየበትን ሰዓት ለጸሐፊዎቹ ማኅበር እንዲነግሩ፣ በጣም ለታየውም ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍሉ ተስማሙ። ኔትፍሊክስም በዚያው ዓመት መጨረሻ የአብዛኞቹን ፊልሞችና ድራማዎች የዕይታ ሰዓት በዝርዝር ማውጣት ጀመረ። አንተ ቢያንስ የሦስት ወሩን ቁጥር በጽሑፍ ጠይቅ። “ጥሩ ሄዷል” በሚል ቃል የሚቀጥለውን ፊልም ዋጋ መደራደር አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከአሥር ዓመት በፊት የሠራናቸው ፊልሞች አሉን። አሁን ማን ያያቸዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው! ሱትስ የሚባለው ተከታታይ ድራማ በ2019 አለቀ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ባለቤቱ የራሱ የስትሪሚንግ አገልግሎት እያለው በ2023 ለኔትፍሊክስም አከራየው። ተመልካች በሚቆጥረው ድርጅት፣ በኒልሰን፣ ቆጠራ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በስትሪሚንግ ከታዩት ሁሉ አንደኛ ወጣ፣ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ። አንድም አዲስ ቀረጻ የለበትም።

ግን የድሮ ፊልም የሚከራየው ወረቀቱ ከተሟላ ነው። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የታሪኩን ጥሩነት አይደለም። የመጨረሻው ንጹሕ ቅጂ አለህ? ድምፁና ሙዚቃው ለየብቻ ተቀምጧል? በሌላ ቋንቋ ለማስገባት ያ ግድ ነው። ተዋናዮቹ የፈረሙት ውል ስትሪሚንግን ይጨምራል ወይስ ሲኒማ ቤት ብቻ ይላል? ከሁሉ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ሙዚቃው ነው። ያኔ በጓደኝነት “ተጠቀምበት” ተብለህ ያስገባኸው ዘፈን ዛሬ ውሉን ያስቆማል። ሃርድ ዲስኮቹንም ከመሳቢያ አውጥተህ ሰካቸው፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ይበላሻሉ። የሚከፈቱትን ሌላ ቦታ ገልብጣቸው። ከዚያ የዘፈኑን ባለቤት ፈልገህ ደውልለት፣ ፊርማውን በወረቀት ተቀበል።